ባለሙያውን ከሚሴ ላይ መዝኑት፦ ለብዙ ቅርንጫፍ የኔትወርክና የካሜራ ዝርጋታ አቅራቢ አመራረጥ

የምሠራበት ድርጅት የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ዋናው ሱቅና ቢሮው ደሴ ፒያሳ ነው፤ ኮምቦልቻ ሱቅና መጋዘን፣ ሐይቅ፣ ከሚሴና ወልዲያ ደግሞ አንዳንድ ሱቅ አለን። ካሽ ማሽን ቆመ፣ ካሜራ ጠፋ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ ሲባል የሚደወለው ለእኔ ነው። የቅርንጫፎቹን የኔትወርክና የካሜራ ዝርጋታ ሁለት ጊዜ አሠርተናል፤ አንደኛው ተበላሸ፣ ሁለተኛው ተሳካ።

በመጀመሪያው ዙር ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን ወሰድን። ልጆቹ ደሴ ላይ የሠሩት ዓይን ይስባል፤ ኬብሉን እንደ ሹሩባ ጎንጉነው፣ ቢሮ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ካሜራዎቹን ደርድረው አሳዩን። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ «ማሻ አላህ» ብለው ቀሪውን ክፍያ በዚያው ሳምንት ለቀቁ። ሌሎቹ ቅርንጫፎች በሌላ ልጅ፣ በሌላ ዕቃ፣ በጥድፊያ ተሠሩ። ከወራት በኋላ ከሚሴ ዕቃ ጎደለና መቅጃውን፣ ካሜራዎቹ የቀረጹት የሚቀመጥበትን መሣሪያ፣ ልንከፍት ሄድን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ሥራውን ለቋል፣ ስልኩም አይሠራም። በስንት ልመና ሲከፈት መቅጃው ውስጥ ያለው ያለፉት አምስት ቀናት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዕቃው የጎደለው ከዚያ በፊት ነበር።

ዋናውን ቢሮ ባለቤቱ ስለሚቀመጥበት ማንም አሳምሮ ይሠራዋል። አቅራቢ የሚለየው በሩቁ ቅርንጫፍ ነው። በሁለተኛው ዙር ሁሉንም ነገር ከዚያ ጀመርን።

1. ቅርንጫፎቹን መጀመሪያ ራሳችሁ ዙሩ

አቅራቢ ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር፣ ደብተርና ስልክ ይዛችሁ ውጡ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት ካሽ ማሽን፣ ካሜራ የት የት፣ ቆጣሪው የት ነው፣ ጣሪያው ኮርኒስ አለው ወይስ ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፣ ሕንፃው የእናንተ ነው ወይስ ኪራይ። ኪራይ ከሆነ ግድግዳ ለመብሳት አከራዩን አሁን ጠይቁ። እኛ ሐይቅ ላይ ሠራተኛው ድሪል ይዞ ከቆመ በኋላ ነው የጠየቅነው፤ ሁለት ቀን ባከነብን።

ርቀት በዓይን አይገመትም፤ ለኩት። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ መጋዘናችን ከቢሮው እስከ አጥር በሩ በኬብል መንገድ 130 ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዙር ዝም ብለው መዳብ ጎተቱበት፤ ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚያው ኬብል ስለሆነ፣ የበሩ ካሜራ ቀን ይታያል፣ ማታ የጨለማ መብራቱ ሲበራና ብዙ ኃይል ሲፈልግ ይጠፋል። እዚያ ቦታ ፋይበር፣ መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ኬብል፣ ነበር የሚያስፈልገው። ደብተራችሁ ላይ «130 ሜትር» ተብሎ ከተጻፈ፣ መዳብ የሚያቀርብላችሁ ሰው ሥራውን እንደማያውቅ ፕሮፎርማው ላይ ወዲያው ይታያችኋል።

የአየሩም ነገር አለ። ደሴና ኮምቦልቻ መሐል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትቀንሳላችሁ። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምና መብረቅ ነው የሚያስቸግረው፤ ስለዚህ የመሬት ሽቦ በትክክል መቀበሩንና ውጭ ያለው ካሜራ ውኃ እንደማያስገባ ማየት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻና ከሚሴ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ነው። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ባትሪ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ሙቀት ተለክቶ ነው፤ ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከቆርቆሮ ሥር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዩፒኤስ ደሴ ካለው ወንድሙ እኩል አይቆይም። ራኩ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ የሚደረደሩበት ሳጥን፣ የት እንደሚቀመጥ የምትወስኑት ለዚህ ነው።

ኢንተርኔቱንም ለኩት፤ ግን በገበያ ቀን፣ ሰው በበዛበት ሰዓት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ለማንም አይጠቅምም። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይዛችሁ ሁለቱንም በየቅርንጫፉ ሞክሩ። መስመሩ ሲቋረጥ ተጠባባቂ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

2. ዝርዝሩን እናንተ ጻፉ

«የአምስት ቅርንጫፍ ካሜራና ኔትወርክ ዋጋ አቅርቡልን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሦስት የማይወዳደሩ ወረቀቶች ይመጡላችኋል። አንዱ ስምንት ካሜራ፣ ሌላው ስድስት፤ አንዱ ዩፒኤስ ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር። ርካሹ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ዝርዝሩ ላይ የዕቃውን ስም ብቻ አትጻፉ፤ ዕቃው ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ምሳሌ ልስጥ። «ባለ 2 ቴራባይት መቅጃ» ሳይሆን «ስምንት ካሜራ ያለማቋረጥ ቀርጾ 30 ቀን የሚይዝ» በሉ። ከዚያ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። ስምንቱ በቀን 345 ጊጋባይት ይሆናሉ። 2 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን አይሞላውም፤ ከዚያ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይቀርጻል። ከሚሴ ላይ አምስት ቀን ብቻ ያገኘነው ለዚህ ነበር። ለ30 ቀን ከ10 ቴራባይት በላይ ያስፈልጋል። አዲሱ የማመቂያ ስልት፣ ኤች 265 የሚባለው፣ ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅረጽ ማለትም የበለጠ ይቀንሰዋል። አቅራቢው ትንሽ ዲስክ ካቀረበ ከእነዚህ የትኛውን አስቦ እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳችሁ። ማስረዳት ያቃተው ገምቶ ነው የጻፈው።

ዩፒኤስም እንደዚሁ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ በአብዛኛው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ራውተር፣ ስዊች (ኬብሎቹን የሚያገናኘው)፣ መቅጃና ስምንት ካሜራ አንድ ላይ 80 ዋት ቢጎትቱ፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ እንኳ አንድ ሰዓት አይደርስም። መብራት ግማሽ ቀን ለሚጠፋበት ቅርንጫፍ ይህ ምንም ነው፤ ተጨማሪ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ወይም ሶላር በዝርዝሩ ይግባ።

ለብዙ ቅርንጫፍ ብቻ የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ የኔትወርክ አድራሻው በአብዛኛው 192.168.1.1 ነው። ሰነፍ ገጣጣሚ አምስቱንም ቅርንጫፍ እንደዚያው ይተዋቸዋል። አንድ ቀን ቅርንጫፎቹን አገናኝታችሁ የወልዲያን ክምችት ደሴ ሆናችሁ ለማየት ስትሞክሩ አድራሻዎቹ ይጋጩና ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ «ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተለየ የአድራሻ ክልል ይሰጥ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ወጪው ዜሮ ነው።

ስዊች፣ ራውተርና መቅጃ በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ። አንድ ትርፍ ስዊች ደሴ መደርደሪያ ላይ ካለ የማንኛውም ቅርንጫፍ መለዋወጫ ይሆናል። አምስት ዓይነት ካላችሁ አምስት ትርፍ ያስፈልጋችኋል።

ካሽ ማሽኑን ከዚህ ዝርዝር አውጡት። እሱ ከተፈቀደለት አቅራቢ ብቻ የሚገዛ፣ በገቢዎች በየቅርንጫፉ አድራሻ የሚመዘገብ መሣሪያ ነው። የኔትወርክ ሠራተኛ «እኔ አዛውረዋለሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ሶኬቱንና ኬብሉን ግን ያዘጋጅለት።

3. ማንን ትጠይቃላችሁ

ምርጫው ሦስት ነው፤ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሱቆች፣ ወይም በግሉ የሚሠራ ባለሙያ። የአዲስ አበባው ዕቃ በርካሽ ያገኛል፣ ወረቀቱ የተስተካከለ ነው፤ ግን 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ርክክቡ ካለቀ በኋላ ለአንዲት የተበላሸች ስዊች ማንም አይመጣም። የግል ባለሙያው ጥሩ እጅ ሊኖረው ይችላል፤ ሲታመም ወይም የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ግን ሥራው አብሮት ይሄዳል። የአካባቢው ሱቅ ቅርብ ነው፤ ችግሩ ሁለት ሠራተኛ ይዞ አምስት ቦታ እሠራለሁ ማለቱ ነው።

እኔ የምመርጠው የአካባቢውን ነው፤ ሠራተኛው ከበቃ። ካልበቃ የአዲስ አበባው፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር ቋሚ ሠራተኛ እንዳለው ካረጋገጠ ብቻ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ስላለ፣ ሙያውን የሚያውቅ ልጅ ከአዲስ አበባ ካልመጣ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከሚሴ ላይ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢበላሽ ማን ነው የሚመጣው? ከየት ይነሳል? በስንት ሰዓት ይደርሳል?» በስም የሚመልስ አለ። «አብሽር፣ እኛ አለን» የሚልም አለ። አብሽር ለሐዘን ቤት ደግ ቃል ነው፤ ለኔትወርክ ሥራ ግን መልስ አይደለም።

ንግድ ፈቃዱ የታደሰና ዘርፉ የሚዛመድ መሆኑን፣ ቲን ቁጥሩንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባውን ተመልከቱ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው ዋጋው ርካሽ የሚመስለው 15 በመቶውን ስለዘለለ ነው፤ እናንተም ወጪውን በሒሳብ ማሳየት አትችሉም።

4. የሠሩትን ሄዳችሁ እዩ

የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው፤ ከዚያ በላይ አታስቡት። የሠሩባቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ተቀበሉና ከዋናው ቢሮ ይልቅ ሩቅ ያለውን ቅርንጫፋቸውን ምረጡ፤ ከዓመት በላይ የሆነውን። ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ገንዘብ ተቀባይዋንና ዘበኛውን አናግሩ።

እኔ ወልዲያ አንድ ሱቅ ገብቼ ገንዘብ ተቀባይዋን «እትዬ፣ ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃት ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ራውተር አወጣች። «ሲቆም እዚህ ጋ መታ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ያንን አቅራቢ ከዝርዝሬ ለመሰረዝ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ራኩን አስከፍቱ። ኬብሉ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር አለው? ቁጥር የሌለው ኬብል ማለት ሲበላሽ እያንዳንዱን እየጎተቱ መፈለግ ማለት ነው። ኬብሉ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ተጨናንቋል? ዩፒኤሱ ይጮኻል? ባለቤቱ ጩኸቱን ለምዶት ከሆነ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

5. ፕሮፎርማውን በምላጭ አንብቡት

በምላጭ ያልኩት ለወግ አይደለም። ገበያ ውስጥ «ካት 6» በሚባለው የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ስም የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ኬብል ሞልቷል። በመጠቅለያው አይታወቅም። ከእያንዳንዱ አቅራቢ የሚያስገባውን ኬብል አንድ ክንድ ናሙና ተቀበሉ። የአንዷን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቁት፤ ሥሩ ብርማ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው። ሙሉ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ካርቶኑን በእጅ ማንሳትም ይረዳል፤ አሉሚኒየሙ በጣም ይቀላል። በዚህ ኬብል ካሜራ ኃይል ሲያገኝ ይሞቃል፣ ጫፉ ላይም በቀላሉ ይሰበራል። ናሙናውን ስም ጽፋችሁበት አስቀምጡት፤ ዕቃው ሲገባ ታመሳክሩታላችሁ።

ከዚያ ወረቀቱን እዩ። የእጅ ዋጋ፣ ትራንስፖርትና የሠራተኛ ውሎ አበል በየቅርንጫፉ ተለይቶ ይጻፍ። ደሴና ወልዲያ እኩል የእጅ ዋጋ ካላቸው ሰውየው 120 ኪሎ ሜትሩን አላሰበውም፤ በኋላ ይጠይቃችኋል፣ ወይም ለወልዲያ ተለማማጅ ይልካል። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ድፍን መስመር ካለ ይበተን። ዋጋው የሚጸናበት ቀንም ይጻፍ። የውጭ ምንዛሬው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ማንም አስመጪ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አይዝላችሁም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ሳያልቅ ፕሮፎርማ አትሰብስቡ።

በጣም ዝቅ ያለውን ዋጋ ወዲያው አትጣሉት፤ ቁጭ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ጠይቁት። አንዳንዴ ሰውየው ዕቃውን ቀድሞ አስገብቶ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን የሆነ ነገር ጎድሎበታል።

6. በአስቸጋሪው ቅርንጫፍ ሞክሩት

በሁለተኛው ዙር የወሰድነው ትልቁ እርምጃ ይኼ ነው። ሁለት አቅራቢ ሲቀሩን የተሻለውን መርጠን ከሚሴን ብቻ በተለየ ትንሽ ውል ሰጠነው። ሐጂ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ደሴን ቀድሞ ይሥራ፤ እኔ ዓይኔ እያየ» አሉኝ። «እርስዎ እያዩትማ ማን ያበላሻል፣ አባዬ» አልኳቸው። ሳቁና ፈረሙ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በመሐሉ ሆን ብዬ፣ ሳልነግራቸው፣ አንዱን ካሜራ ነቅዬ ደወልኩ። በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጁ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መጣ። የተነቀለውን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም፣ ሰክቶ ፎቶ አንስቶ ለአለቃው ላከ። ቀሪዎቹን አራት ቅርንጫፎች የሰጠነው ለዚህ ልጅ ድርጅት ነው።

7. ውሉ ላይ የሚጻፈው

ክፍያው በቅርንጫፍ ይከፈል፤ በጥቅሉ አይሁን። እኛ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ በባንክ ዋስትና ሰጠን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሲረከብ የራሱ ድርሻ ተከፈለ፤ 10 በመቶው ስድስት ወር በእኛ እጅ ቆየ። ትንሽ ሱቅ የባንክ ዋስትና ማምጣት ካልቻለ ዕቃውን እናንተ በቀጥታ ግዙና የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋሉት።

የሚመጡት ሠራተኞች በስም ይጻፉ፤ ሲቀየሩ እንዲያሳውቁ። ሥራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት በጽሑፍ ካልተፈቀደ ይከልከል። በመጀመሪያው ዙር ወልዲያን የሠራው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ብልሽት ሲነገራቸው የሚደርሱበት ሰዓት ለየቅርንጫፉ ይለያይ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ በዕለቱ፣ ለወልዲያ በ48 ሰዓት ቢባል ሊፈጸም የሚችል ነው። ለሁሉም «በአራት ሰዓት ውስጥ» ብሎ የሚፈርም ላይመጣ ነው የሚፈርመው። መንገድ በፀጥታ ምክንያት ሲዘጋ ምን እንደሚደረግም ይጻፍ፤ እኛ አገር ይህን መዝለል የዋህነት ነው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ ኮምፒውተሩን ከነመረጃው አጥቷል። ስለዚህ የሽያጭና የክምችት መረጃው ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ ከከተማውም ውጭ እንዲቀመጥ የሥራው አካል አድርጉት፤ የዕቃዎቹን መለያ ቁጥርም መዝግባችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ።

የይለፍ ቃልን ነገር በተለየ አንቀጽ አስፍሩት። ሁሉም መሣሪያ በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ፤ በገጣጣሚው ስልክ የተከፈተ የካሜራ መተግበሪያ አትቀበሉ። አቅራቢው ከርቀት ካሜራችሁን የሚያይበት መግቢያ ካለ መቼና በማን ፈቃድ እንደሚከፈት ይጻፍ። ካሜራው የሚቀርጸው ሠራተኞቻችሁንና ደንበኞቻችሁን ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ትዝብት ብቻ አይደለም።

8. ርክክብ

ሻይ ጠጥቶ የሚፈረም ርክክብ አይሁን። በየቅርንጫፉ እነዚህን በእጃችሁ ሞክሩ። ዋናውን መብራት አጥፉና ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኩ። የኢንተርኔት መስመሩን ንቀሉና ተጠባባቂው ሲም ሳትነኩት እንደሚነሳ እዩ። ከሦስት ቀን በፊት የነበረ ምሽት መርጣችሁ ቅጂውን አጫውቱ፤ ፊት ይለያል? የታርጋ ቁጥር ይነበባል? የእያንዳንዱን ኬብል የመለኪያ ውጤት በወረቀት ተቀበሉ፤ መለኪያ የሌለው ሰው የስዊቹን ትንሽ መብራት አሳይቶ «መብራቷ በርታለች» ይላችኋል፤ መብራቷ ግን በተበላሸ ኬብልም ትበራለች።

የኬብሉን ንድፍ አንድ ቅጂ ራኩ ውስጥ ለጥፉ፤ ሌላውን ቢሮ አስቀምጡ። የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ ይምጡ፤ ከፍታችሁ አንድ በአንድ እየሞከራችሁ፣ እንደገና አሽጉት። ሐጂ የእኛን ፖስታ ካዝናው ውስጥ ከቤቱ ካርታና ከመኪናው ሊብሬ ጋር ነው ያስቀመጡት።

የሥራው ዋስትና (ጋራንቲው) ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ውሉን ይዛችሁ ሁሉንም ቅርንጫፍ እንደገና ዙሩ፤ ከወልዲያ ጀምራችሁ ወደ ደሴ። እኛ በዚህ ዙር አንድ የደከመ ባትሪ፣ ሁለት ውኃ የገባባቸው ካሜራዎችና ሐይቅ ላይ አይጥ የበላው ኬብል አገኘን። ባትሪውና ካሜራዎቹ በነጻ ተቀየሩ። የአይጡን እኛ ከፈልን።